ትኩሳቱ ወባ ካልሆነስ? በወላይታ ላሉ ወታደሮችና የቀድሞ ሠራዊት አባላት የመዥገር መመሪያ

ከብላቴ ቆላ ወይም ከአባያ ሐይቅ ዳርቻ ተመልሰው ሰውነትዎ ሲግል፣ ራስዎን ሲፈልጥዎ፣ አንገትዎ አልዞር ሲል መጀመሪያ ከአፍ የሚወጣው ስም ወባ ነው። ምርመራው ወባ የለም ካለ ሁለተኛው ስም ይከተላል፤ «ታይፎይድና ታይፈስ»። በሶዶ፣ በቦዲቲ ወይም በአረካ ክሊኒክ ደጃፍ ተራ የጠበቀ ሰው ይህን ጥምር ስም ያውቀዋል። ሦስቱም እውነተኛ በሽታዎች ናቸው። ሣር ላይ ያደረ፣ በከብት መንገድ ሲጓዝ የዋለ ሰው ግን ከእነዚህ ሌላ አንድ ጥያቄ ራሱን መጠየቅ አለበት፤ መዥገር ነክሶኝ ነበር?

ይህ መመሪያ የተጻፈው በዘብና በቅኝት ላይ ላለው ወታደር፣ ለሠልጣኙ፣ እንዲሁም ተሰናብቶ ወደ ዳሞት ጋሌ፣ ወደ ሁምቦ ወይም ወደ ኦፋ ተመልሶ በሬ ላሰረው የቀድሞ የሠራዊት አባል ነው። ሁሉም ማወቅ ያለባቸው ነገር አንድ ነው። የመዥገርን ትኩሳት በአንድ ቀን የሚያረጋግጥ መሣሪያ በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ አያገኙም። ማስረጃው ቆዳዎ ላይና ትዝታዎ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት እርምጃዎች በአብዛኛው ያንን ማስረጃ እንዳይጠፋ አድርጎ ወደ ሐኪሙ ስለማድረስ ናቸው።

ወታደሩ ለምን ይበልጥ ይጋለጣል?

መዥገር አይበርም፣ አይዘልም። ሣር ጫፍ ላይ ወጥቶ ወይም መሬት ላይ አድፍጦ የሚያልፈውን ይጠብቃል። በከብት ላይ የምናየው ትልቁ መዥገር ግን ከመጠበቅም አልፎ ይፈልጋል። እግሮቹ ላይ ነጭ ቀለበት አለበት፤ የወንዱ ጀርባ ብርቱካናማ ንድፍ አለው፤ ሳይንሳዊ ስሙ አምብሊዮማ ቫሪጌተም ነው። ሰውም ሆነ እንስሳ የሚያስወጣውን አየር ተከትሎ ወደ ትንፋሹ ምንጭ ይራመዳል። ምሽግ ውስጥ ለሰዓታት ሳይንቀሳቀስ የተኛ ዘብ ለእሱ የተመቸ ነው።

የዚህ መዥገር ጉዳይ በአገራችን የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪ ራይስ ጉትፍሮይንድ የታይፈስን ጀርም በከብት መዥገር ውስጥ አገኘሁ ብለው ጻፉ። ታይፈስ የቅማል በሽታ ሆኖ ይታወቅ ስለነበር ነገሩ ብዙ አከራከረ። ለማጣራት ዊሊ በርግዶርፈርና ባልደረቦቻቸው የኢትዮጵያን መዥገሮች መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተሙ። የታይፈሱን ጀርም አላገኙም፤ ከአምብሊዮማ መዥገር ውስጥ ግን የዚያኑ ጀርም ዘመድ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚል ስም የተሰጠው፣ የአፍሪካ የመዥገር ትኩሳት የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ጀርም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሙሉ የዘር ኮዱ ተነቦ ሲታተም የተነበበው ናሙና ከኢትዮጵያ መዥገር የተወሰደው ነበር። እኚሁ በርግዶርፈር ከኢትዮጵያው ምርምር በኋላ የላይም በሽታን ጀርም በማግኘት ዓለም አወቃቸው። ይህን ያህል የቆየ ጉዳይ ዛሬም በክሊኒኮቻችን ካርድ ላይ እምብዛም አለመጻፉ ሊያሳስበን ይገባል።

በሽታው ወታደር ላይ እንደሚበዛ በሌላም አገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 ለልምምድ ወደ ቦትስዋና ከሄዱ የአሜሪካ ወታደሮች በርካቶቹ ትኩሳትና ጥቁር ቅርፊት ይዘው ታመዋል፤ መንስኤው የመዥገር ትኩሳት ነበር። እኛ ዘንድ በሠራዊቱ ትዝታ ውስጥ የቀረው ደግሞ ግርሻ ነው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበትኖ በካምፖች በታጨቀ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ያለውን ጨምሮ፣ የግርሻ ትኩሳት ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። እሱን ያስተላለፈው የልብስ ቅማል ነው እንጂ መዥገር አይደለም። ሁለቱን መለየት ለሕክምናው ስለሚያስፈልግ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከመውጣትዎ በፊት

ቦታውን ይወቁ። በወላይታ መዥገር በቆላው ብቻ አይወሰንም። በብላቴ ሸለቆ፣ በአባላ አባያ፣ በሁምቦ፣ እንዲሁም በኪንዶ ወረዳዎች ቁልቁል ወደ ኦሞ በሚወርደው ቁጥቋጦ ይበዛል፤ ከብት በተሰማራበት ሁሉ ግን፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለው ወይና ደጋም ጭምር፣ ይገኛል። ዝናብ ከጀመረ በኋላ ትልልቆቹ ይበረታሉ። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ መድረቅ ሲጀምር ደግሞ ገና የተፈለፈሉት ይወጣሉ፤ እነዚህ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ ስለሆኑ በዓይን ሳይታዩ በአንድ ጊዜ ብዙ ሆነው እግር ላይ ይወጣሉ።

ሱሪዎን ከስክስ ጫማው ውስጥ ያስገቡ፤ ካልሲውን ወደ ላይ ይሳቡ፤ ሸሚዙን ቀበቶ ውስጥ ይክተቱ። መዥገር ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ስለሆነ ይህ ብቻውን መንገዱን ያረዝምበታል፤ በሱሪው ላይ ሲሄድም ይታያል። ክፍልዎ በፐርሜትሪን የተነከረ የደንብ ልብስ የሚያድል ከሆነ ይጠቀሙበት። ፐርሜትሪን ልብስ ላይ ተረጭቶ ከደረቀ በኋላ የሚለበስ ነው፤ ቆዳ ላይ አይቀባም። ለቆዳ የሚሆነው ዲኢቲ ያለበት የነፍሳት መከላከያ ቅባት ነው።

አንድ ነገር በጥብቅ አስጠነቅቃለሁ። ለከብት የሚረጨውን ዳያዚኖን ወይም አሚትራዝ በሰውነትዎ፣ በልብስዎ ወይም በልጆች ራስ ላይ በፍጹም አይጠቀሙ። ዳያዚኖን በቆዳ ውስጥ ገብቶ ነርቭን የሚመርዝ ነው። ለቅማልና ለቁንጫ ብለው እንዲህ ያለውን መድኃኒት የቀቡ ሰዎች ላብ በላብ ሆነው፣ ምራቃቸው እየተዝረከረከ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታል ይደርሳሉ። የመዥገር ትኩሳት ይድናል፤ ይህ መመረዝ ግን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

የመኝታ ቦታ ሲመርጡ ከብት ከሚተኛበት ከበረት ዙሪያ፣ ከውኃ ማጠጫ መንገድና ከረጅም ሣር ይራቁ። የተተወ አሮጌ ጎጆ ወይም ዋሻ ደረቅ ስለሆነ ይማርካል፤ በግድግዳና በወለል ስንጥቅ የሚኖር ሌላ ዓይነት መዥገር ግን ሌሊት ወጥቶ፣ ሳያሳምም ጠጥቶ፣ ሳይነጋ ይመለሳል። ይህኛው የግርሻ ትኩሳትን የሚመስል በሽታ ያመጣል። የእስራኤል ጦር ሐኪሞች ዋሻ ውስጥ በእንዲህ ያለ መዥገር ለተነከሱ ወታደሮቻቸው ወዲያው ዶክሲሳይክሊን በመስጠት በሽታውን መከላከል እንደቻሉ እ.ኤ.አ. በ2006 አሳትመዋል። ይህ በሐኪም የሚወሰን ነገር ነው፤ በከብት መዥገር ለተነከሰ ሁሉ የሚታደል መድኃኒት ተደርጎ አይወሰድ።

ማታ ማታ

ከቅኝት ሲመለሱ ሰውነትዎን ይፈትሹ። ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ከሁሉም የሚበልጠው ግን እሱ ነው፤ መዥገር ቆዳ ላይ በቆየ ቁጥር ጀርሙን የማስተላለፍ ዕድሉ ይጨምራል። ከቁርጭምጭሚት ጀምረው ወደ ላይ ይውጡ። የጉልበት ኋላ፣ ብሽሽት፣ መቀመጫ ዙሪያ፣ የቀበቶ መስመር፣ እምብርት፣ ብብት፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ጸጉር ውስጥ። በዓይን ብቻ አይመኑ፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ትንሽ መዥገር የቆዳ እንከን ይመስላል፤ በጣት ሲዳሰስ ግን ይገኛል። ጀርባዎንና ከጆሮዎ ኋላ ጓደኛዎ ይይልዎት። የሻምበልና የመቶ መሪዎች ይህን የማታ ፍተሻ እንደ መሣሪያ ጽዳት የፕሮግራም አካል ቢያደርጉት፣ እዚህ ከተጻፈው ምክር ሁሉ ያ ብቻውን ብዙ ሰው ያድናል ብዬ አምናለሁ።

የለበሱትን ልብስ መኝታዎ ላይ አይጣሉት። በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ መዥገርን አይገድለውም፤ ሙቀትና ድርቀት ግን ይገድለዋል። በጠራራ ፀሐይ ያስጡት፤ ከተቻለ የፈላ ውኃ ይጠቀሙ፤ ስፌቱን በጋለ ካውያ ይተኩሱት። ስፌቱ ላይ ሲተኩሱ ቅማሉንም ከነእንቁላሉ ይገድሉታል፤ በአንድ ሥራ ሁለት በሽታ ይከላከላሉ።

መዥገሩን ሲነቅሉ

ከተጣበቀ በኋላ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነጭ ጋዝ መቀባት፣ በክብሪት ወይም በሲጋራ መለብለብ፣ በቅቤ ማፈን ነው። አንዱም አይረዳም። የታፈነ ወይም የተቃጠለ መዥገር ሆዱ ውስጥ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊተፋው ይችላል፤ እሳቱም ቆዳዎን ያቆስላል።

እሾህ የምንነቅልበት ጫፈ ቀጭን ወረንጦ ይበቃል። መዥገሩን ከሆዱ ሳይሆን ከአፉ በኩል፣ ቆዳው ጋ እስኪደርሱ ተጠግተው ይያዙት። ሳያጣምሙና ሳይመነጭቁ ቀጥ አድርገው በዝግታ ወደ ላይ ይሳቡ። አምብሊዮማ አፉ ረጅም ስለሆነ ጠንክሮ ይይዛል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። የአፉ ቁራጭ ከቀረና በቀላሉ ካልወጣ በመርፌ አይቆፍሩት፤ ቆዳው ራሱ ይገፋዋል። ወረንጦ ከሌለ ጣትዎን በፌስታል ወይም በጨርቅ ሸፍነው ይንቀሉት። ከዚያ ቦታውን በውኃና በሳሙና አጥበው አልኮል ይቀቡት፤ እጅዎንም ይታጠቡ።

የነቀሉትን መዥገር በጥፍርዎ አይጨፍልቁት፤ በጥርስዎም አይበጥሱት። ከብት ጠባቂ ልጆች ይህን ሲያደርጉት እናያለን። ምክንያቱ ሌላ በሽታ ነው። ክራይሚያ ኮንጎ የሚባለው ደም የሚያስፈስስ ትኩሳት ቫይረስ በመዥገር ይተላለፋል፤ ከኢትዮጵያ መዥገሮች ውስጥ መገኘቱም እ.ኤ.አ. በ1978 ታትሟል። ከተነከሰው በተጨማሪ መዥገር በባዶ እጁ የጨፈለቀ ወይም ቫይረሱ ያለበት ከብት ደም የነካ ሰውንም ሊይዘው ይችላል። መዥገሩን ማስቲሽ ላይ አጣብቀው ወይም አልኮል ባለበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አድርገው ያስቀምጡት፤ ወይም እሳት ውስጥ ይጣሉት።

ከዚያ ይጻፉ። የተነከሱበትን ቀን፣ ቦታውን፣ የሰውነትዎን ክፍል። ስልክዎ ላይ ወይም በቅኝት ማስታወሻዎ ጠርዝ ላይ አንድ መስመር ይበቃል። ትኩሳቱ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከተነከሱ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እርስዎ ከቆላው ወጥተው፣ ፈቃድ ተሰጥቶዎት፣ ሶዶ መናኸሪያ ወርደው፣ ቤትዎ ገብተው ይሆናል። ያኔ የመዥገሩን ነገር የሚያስታውስ የለም።

ትኩሳት ሲይዝዎ

መጀመሪያ የወባ ምርመራ ያድርጉ፤ በዚያው ቀን፣ ሳይዘገዩ። መዥገር ነክሶኛል ብሎ ወባን መርሳት ራሱ ይገድላል። የጣት ደም የሚወሰድበት ፈጣን ምርመራ ወባን ብቻ ያሳያል። ስለዚህ ማይክሮስኮፕ ያለበት ጤና ጣቢያ ከደረሱ ደምዎ በስላይድ እንዲታይ ይጠይቁ። ወባን ለማየት በተዘጋጀው በዚያው ስላይድ ላይ የግርሻ ትኩሳት ጀርምም፣ ካለ፣ ተጠማዝዞ ይታያል፤ ፈጣኑ ምርመራ ግን ይህን አያሳይም። የአፍሪካ የመዥገር ትኩሳት ጀርም በሁለቱም አይታይም።

እዚህ ላይ ቆዳዎ ይናገራል። ራቁትዎን ሆነው በቀን ብርሃን ጥቁር ቅርፊት ይፈልጉ። መሐሉ የተቃጠለ መስሎ የጠቆረ፣ ዙሪያው የቀላ ወይም ያበጠ፣ ብዙ የማያሳምም ትንሽ ቁስል ነው። አብዛኛውን ጊዜ እግር፣ የጉልበት ኋላ፣ ብሽሽት ወይም መቀመጫ ላይ ይገኛል። ሁለትና ሦስት ሆኖ መገኘቱ የዚህ በሽታ ልዩ ምልክት ነው፤ ብዙ መዥገሮች በአንድ ጊዜ ስለሚነክሱ። ከቁስሉ በላይ በብሽሽት ንፍፊት ያብጣል። ራስ ምታቱ ከባድ ነው፤ የአንገትና የጀርባ ጡንቻ ይጨመድዳል። ሽፍታ ሊኖር ይችላል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ለማየት ስለሚያስቸግር አለመታየቱ አያዘናጋዎት።

ሐኪሙ ወይም ነርሷ ፊት ሲቀርቡ «አመመኝ፣ ትኩሳት አለኝ» ብቻ ብለው አይቀመጡ። የሚከተለውን ይናገሩ፤ «ወታደር ነኝ፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ ቆላ ነበርኩ፤ በዚህ ቀን መዥገር ነቅያለሁ፤ እዚህ ቦታ ጥቁር ቁስል አለኝ።» ከዚያ ሱሪዎን ጠቅልለው ያሳዩ። በቀን ብዙ በሽተኛ የሚያይ ባለሙያ ራሱ ልብስ አስወልቆ እንዲፈልግ መጠበቅ የለብዎትም። ማፈርም አያስፈልግም፤ ቁስሉ ብብት ውስጥ ቢሆን፣ ብሽሽት ውስጥ ቢሆን ያሳዩት።

አሁን ስለ «ታይፎይድና ታይፈስ» ወረቀት። በክሊኒኮች የሚሠራው ምርመራ ዊዳልና ዌይል ፊሊክስ ይባላል። ሁለቱም የሚፈልጉት ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት በጀርሙ ላይ ያመረተውን መከላከያ ነው። ያ መከላከያ ከዓመታት በፊት ከያዘዎት በሽታም ሊቀር ይችላል፤ በሌላ ጀርም ምክንያትም ሊነሣ ይችላል፤ በሕመሙ የመጀመሪያ ቀናት ደግሞ ገና ላይኖር ይችላል። አንድ ቀን በተሠራ በአንድ ውጤት ብቻ አዎም አይደለምም ለማለት አይቻልም። ስለዚህ ወረቀቱ «ፖዘቲቭ» ብሎ ቆዳዎ ላይ ጥቁር ቅርፊት ካለ፣ ቅርፊቱንም ይንገሩ፤ ወረቀቱ «ኔጋቲቭ» ካለም እንዲሁ። ለታይፎይድ የሚሰጡት የተለመዱ መድኃኒቶች፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንም ሆነ ሴፍትሪያክሰን፣ ለመዥገር ትኩሳት የመጀመሪያ ምርጫ አይደሉም። ብዙ ወታደር አምስት ቀን መርፌ ተወግቶ ያልተሻለው በዚህ ሊሆን ይችላል።

የመዥገር ትኩሳት ዋናው መድኃኒት ዶክሲሳይክሊን ነው፤ ርካሽና በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ ክኒን። ለአዋቂ የተለመደው መጠን 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ የቀኑን ብዛት ሐኪሙ ይወስናል። ተቀምጠው በብዙ ውኃ ይዋጡት፤ ወዲያው አይተኙ፤ ጉሮሮ ያቆስላል። ከወተት ጋር አይውሰዱት። ፀሐይ ላይ ቆዳን ስለሚያስቆጣ ዘብ ላይ ከሆኑ ራስዎንና እጅዎን ይሸፍኑ። ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ በሁለት ቀን ውስጥ ይወርዳል። ካልወረደ በሽታው ሌላ ሊሆን ስለሚችል ይመለሱ። ከእርስዎ የተረፈውን ለነፍሰ ጡር ሚስትዎ ወይም ለልጅዎ አያካፍሉ፤ ለእነሱ ሐኪም መወሰን አለበት።

ርካሽ ነው ብያለሁ፤ ግን ራስዎ ገዝተው እንዲጀምሩ አልመክርም፤ ምክንያቱ የግርሻ ትኩሳት ነው። ልብስ ላይ ቅማል ባለበት፣ በካምፕ ወይም በማረፊያ ቤት ታጭቀው በሚያድሩበት ሁኔታ ትኩሳት ከያዘዎት፣ ወይም ትኩሳቱ ለጥቂት ቀናት ቆይቶ ለቅቆዎት ከሳምንት በኋላ ከተመለሰ፣ የግርሻ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። እሱም በዚሁ መድኃኒት ይድናል። ነገር ግን የመጀመሪያው መጠን በተወሰደ በሰዓታት ውስጥ ጀርሞቹ በአንድ ላይ ሲሞቱ ኃይለኛ ብርድ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከዚያም የደም ግፊት መውረድ ይመጣል። ሰው ሊሞት የሚችለው በዚህ ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ክኒን ወይም መርፌ ነርስ ባለችበት፣ ግሉኮስ ማያያዝ በሚቻልበት ቦታ መወሰድ አለበት። ለክፍሉ አዛዥም ወዲያው ይነገር፤ የአንዱ ቅማል የሁሉ ነው።

እነዚህ ከታዩ ተራ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፦ አእምሮ መሳት ወይም መቀባዠር፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ሽንት መቆም፣ ከድድ፣ ከአፍንጫ ወይም ከሰገራ ጋር ደም መፍሰስ። ሶዶ ላይ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል አሉ። የሚደማ በሽተኛን የሚያጓጉዝ ጓደኛ ደሙን በባዶ እጁ አይንካ፤ ሆስፒታሉ ሲደርሱም በሽተኛው በመዥገር ተነክሶ ወይም የከብት ደም ነክቶ ከሆነ በር ላይ ይናገር።

ተሰናብተው ወደ ቤት ለገቡት

ከአገልግሎት የተመለሰ ብዙ ሰው በወላይታ የሚይዘው ሥራ በሬ ማድለብ ነው። በሬው በቤት ውስጥ ወይም በጓሮ ታስሮ፣ በእጅ እየተቀለበ፣ እየታሸና እየተዳሰሰ ይወፍራል። ማንም ሰው ከብቱን የዚህን ያህል በቅርብ አያውቅም፤ ስለዚህ መዥገሩንም በቅርብ ያገኙታል። በሬውን ከገበያ ሲገዙ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ጆሮውን፣ የብልት አካባቢውን፣ የጭራውን ሥርና የእግሩን መሐል ይፈትሹ። መዥገሩን በወረንጦ ወይም በተሸፈነ እጅ ይንቀሉ። የሚረጭ መድኃኒት ከፈለጉ ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተማክረው በትክክለኛው መጠን፣ ጓንት አድርገው፣ ነፋሱን ከኋላዎ አድርገው ይርጩ፤ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ለዘይትና ለውኃ አይጠቀሙበት። ተረጭቶም መዥገሩ የማይሞት ከሆነ መጠኑን ከመጨመር ይልቅ ለባለሙያው ይንገሩ፤ ሶዶ ላይ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ፤ ናሙና በባለሙያው በኩል ወደዚያ ሊላክ ይችላል።

በመስከረም የጊፋታ በዓል ሲደርስ ያ በሬ ይታረዳል። ቅርጫ የሚገቡ ጎረቤቶች ይሰበሰባሉ፤ ቆዳው ይገፈፋል። ከብቱ ሲቀዘቅዝ መዥገሮቹ ቆዳውን ትተው ሌላ ሞቃት አካል ይፈልጋሉ። በዚያ ሰዓት የሚገኘው የገፋፊው ክንድና ጭን፣ እንዲሁም ዙሪያውን የተኮለኮሉት ልጆች ናቸው። ስለዚህ በሬውን ከእርድ ቀደም ብለው ከመዥገር ያጽዱት፤ የረጩት መድኃኒት ካለ ግን ሥጋው የሚበላበትን የጥበቃ ቀን ባለሙያውን ይጠይቁ። ገፋፊው እጅጌው ረጅም ልብስ ይልበስ፤ እጁ ላይ ቁስል ካለበት ይህን ሥራ ለሌላ ይተው። ቆዳው ቤት ውስጥ፣ ከመኝታ አጠገብ አይደር። በዓሉ ካለፈ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት ከያዘዎት የእርዱን ቀን ለሐኪሙ ይናገሩ።

ውሻ ካለዎት እሱንም ይፈትሹት። የውሻ መዥገር ሌላ፣ ከከብቱ ይልቅ ከበድ ያለ የመዥገር ትኩሳት ያስተላልፋል፤ በቤት ውስጥ ስንጥቅም ይራባል።

በመጨረሻ፣ ከዓመታት በፊት ስለተነከሱትና ዛሬ መገጣጠሚያቸውን ስለሚያማቸው የቀድሞ የሠራዊት አባላት። ከውጭ አገር ዘመዶች ስለ ላይም በሽታ ሰምተው የሚጨነቁ አሉ። ላይምን የሚያስተላልፉት መዥገሮች የሰሜኑ ዓለም ጫካዎች መዥገሮች ናቸው፤ የእኛ የከብት መዥገር አይደለም። የአፍሪካ የመዥገር ትኩሳት ደግሞ አጭር በሽታ ነው፤ ታክሞ ያልፋል፤ በሠላሳ ዓመቱ ጉልበት ላይ አይነሣም። ለወራት የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የወገብ ሕመም ካለብዎት ግን ዝም አይበሉ። ጥሬ ወተት የሚጠጣና ከብት የሚያዋልድ ሰው ብሩሴሎሲስ ሊይዘው ይችላል፤ ሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ይመላለሳል። ሁለቱም ምርመራ አላቸው፤ ሁለቱም ይታከማሉ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ በወላይታ በተለይ ያምታታል። እግርዎ ላይ እብጠት ካለ፣ አልፎ አልፎ ድንገት ግሎ፣ ቀልቶ፣ ንፍፊት አብጦ ትኩሳት ከጣለዎት፣ ይህ ከመዥገር ይልቅ ፖዶኮኒዮሲስ ሊሆን ይችላል። ለዓመታት በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ በመሥራት የሚመጣ የእግር እብጠት ነው፤ ዞናችን በዚህ በሽታ በዓለም የሕክምና መጻሕፍት ይታወቃል። ወታደር ሳሉ ከስክስ ያጠልቁ ነበር፤ ከተሰናበቱ በኋላ ግን ማሳ ላይ ጫማ አውልቀው ይሆናል። ልዩነቱን ለማወቅ ጥቁሩን ቅርፊት ይፈልጉ፤ ከሌለና እብጠቱ ከትኩሳቱ በፊት የነበረ ከሆነ፣ ሶዶ ላይ ለዚሁ በሽታ በሞሲ ፉት ስም የተቋቋመውን ማኅበር ወይም ጤና ጣቢያውን ይጠይቁ፤ እግርዎን በየቀኑ በሳሙና እየታጠቡ፣ ቅባት እየቀቡ፣ ካልሲና ጫማ ያድርጉ።